4060 ከ3060 በ1000 አይበልጥም

የአክስቴ ልጅ አርክቴክቸር ተማሪ ናት። ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝና ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለ፣ ሻንጣው ውስጥ አንድ ግራፊክስ ካርድ (ኮምፒውተር ውስጥ ሥዕሉን የሚሠራው ክፍል) የሚሆን ቦታ ተገኝቷል፣ የቀረው የትኛው ካርድ ይምጣ የሚለው ነው። አርቲኤክስ 3060 ወይስ አርቲኤክስ 4060? መልሱን ደግሞ ራሷ ጨርሳዋለች። «4060 ነዋ! በ1000 ይበልጣል አይደል?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ብዙ ሰው የሚገዛው በዚሁ ሒሳብ ነው። ብዙ ሻጭም የሚሸጠው እንደዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ለእሷ በቴሌግራም በድምፅ እየቆራረጥኩ የላክሁላትን ሁሉ እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው። ቁጥር ይበዛበታል። ግን ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ የለውም፣ አትፍሩ።

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው። ሠሪው ኩባንያ ኤንቪዲያ ካርዶቹን ሲሰይም የፊተኞቹ ሁለት አሃዞች ትውልዱን ነው የሚናገሩት፣ የኋለኞቹ ደግሞ ደረጃውን። 30 እና 40 ዘመን ናቸው። 60 ማለት መካከለኛ ኪስ ላለው ሰው የተሠራ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ካርዶች የአንድ ቤት ታላቅና ታናሽ ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው አለቃ አይደለም። ታላቁ በፈረንጆቹ 2021 የካቲት ላይ በ329 ዶላር ወጣ። ታናሹ 2023 ሰኔ መጨረሻ ላይ በ299 መጣ። (የ329 ዶላሩ ነገር በወረቀት ነው እንጂ፣ ያኔ በቺፕ እጥረቱና በክሪፕቶ ማይኒንጉ (በካርዶች ዲጂታል ገንዘብ በመቆፈሩ) ምክንያት በዚያ ዋጋ ያገኘው ሰው ዕድለኛ ነበር።)

አሁን ወደ ሆዳቸው እንግባ። 3060 ውስጥ 3,584 ኩዳ ኮሮች (ስሌቱን የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች) አሉ። 4060 ውስጥ 3,072። አዎ፣ አዲሱ ያነሰ ነው። የአክስቴ ልጅም እዚህ ላይ «ታዲያ ምኑን ተሻለ?» አለች። የተሻለው ፍጥነቱን ነው። የ3060 ኮሮች ሲጣደፉ ወደ 1.78 ጊጋኸርዝ (በሰከንድ 1.78 ቢሊዮን ምት) ይደርሳሉ፣ የ4060 ኮሮች ደግሞ 2.46።

ድግስ ቤት አስቡ። አንዱ ቤት ብዙ ወጥ ሠሪ አለው፣ እጃቸው ግን ዝግ ይላል። ሌላው ቤት ጥቂት ወጥ ሠሪ አለው፣ ሽንኩርቱን ሲከትፉ ግን ቢላው አይታይም። የትኛው ቤት ቶሎ ያደርሳል? የሰዉን ብዛት በእጁ ፍጥነት ማባዛት ነው። ካርዱ ላይም እንደዚያው ነው፦ የኮሩን ብዛት በጊጋኸርዙ ታባዛላችሁ፣ እያንዳንዱ ኮር በአንድ ምት ሁለት ስሌት ስለሚሠራ ደግሞ በሁለት። 3060 ላይ በሰከንድ 12.7 ትሪሊዮን ስሌት ይመጣል፣ 4060 ላይ 15.1 ትሪሊዮን። ልዩነቱ ወደ 19 በመቶ ነው። የሚገርመው ኤንቪዲያ ራሱ 4060ን ሲያስተዋውቅ፣ ፍሬም ጀነሬሽን የሚባለውን ዘዴ (ኋላ እመጣበታለሁ) ሳይጨምር፣ በ1080ፒ፣ ማለትም በተለመደው ፉል ኤችዲ ስክሪን በአማካይ 20 በመቶ ይፈጥናል ነበር ያለው። የኛም የጣት ሒሳብ እዚያው አካባቢ አረፈ።

20 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? በ3060 በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ተከታታይ ሥዕል፣ የሚሄድ ጌም በ4060 ወደ 72 ይደርሳል። ጥሩ ነው። ግን የሁለት ዓመት ከአራት ወር ልዩነት ላለው ካርድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እልል የሚያስብል አይደለም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ወጥ ሠሪዎቹ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራውም ስለ እነሱ ነው። እኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ጓዳው ነው ባይ ነኝ።

ወጥ ሠሪ እጁ የፈጠነውን ያህል ቢፈጥን ሽንኩርቱ ካልቀረበለት ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ግራፊክስ ካርድም የራሱ ጓዳ አለው። ቪራም ይሉታል። ጌሙ ውስጥ ያለው ግድግዳ፣ ልብስ፣ ድንጋይ፣ የሰው ፊት፣ ወይም አርክቴክቷ የሳለችው ሕንፃ ከነሶፋውና ከነዛፉ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚቀመጠው። 3060 የ12 ጊጋባይት ጓዳ አለው። 4060 የ8። የጓዳው በር ስፋትም ይለያያል፦ የ3060 192 ቢት ነው፣ የ4060 128። በበሩ በሰከንድ ስንት እንደሚወጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ ይህንንም በእጅ ማስላት ይቻላል። የበሩን ስፋት ለ8 ታካፍሉና በሚሞሪው ፍጥነት (3060 ላይ 15፣ 4060 ላይ 17 ነው) ታባዛላችሁ። 192 ለ8 ሲካፈል 24፣ በ15 ሲባዛ በሰከንድ 360 ጊጋባይት። 128 ለ8 ሲካፈል 16፣ በ17 ሲባዛ 272። አዲሱ ካርድ በጓዳም በበርም ከአሮጌው ያነሰ ነው። አዲስ ሆኖ፣ አንሶ!

ኤንቪዲያ ለዚህ መልስ ነበረው። ከምጣዱ አጠገብ መደርደሪያ ሠራ። ካሽ የሚባለው ትንሽ ሚሞሪ ነው፣ ቺፑ ውስጥ ራሱ ያለ። 3060 ላይ 3 ሜጋባይት የነበረውን 4060 ላይ 24 አደረገው፣ ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው። በርበሬውና ጨው አጠገብ ካለ ጓዳ መመላለሱ ይቀንሳል። ይህ ዝም ብሎ የማስታወቂያ ወሬ አይደለም፣ ይሠራል። 1080ፒ ላይ በሩ የጠበበው ካርድ በሩ የሰፋውን የሚበልጠው አንድም በዚህ ነው። ስክሪኑ ወደ 1440ፒ ሲያድግ ግን መደርደሪያው መጨናነቅ ይጀምራል። መደርደሪያ የበሩን ጥበት ይሸፍናል እንጂ የጓዳን ትንሽነት አይሸፍንም። ስምንት ኩንታል በሚይዝ ጓዳ ውስጥ አሥር ኩንታል አይገባም፣ በቃ።

ካልገባ ምን ይሆናል? የተረፈው ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄዳል። ይህ ማለት ሽንኩርት ባለቀ ቁጥር ከቦሌ መርካቶ ሰው መላክ ነው። መንገዱ ደግሞ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው ነው፣ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት። 3060 በ16 መስመር ነው የሚገናኘው። 4060 በ8 ብቻ። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ 8 መስመር በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ ከካርዱ የራሱ 272 ጋር ስታስተያዩት 17 እጥፍ ያንሳል። ማዘርቦርዱ የቆየ ከሆነ፣ ማለትም ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ከሆነ፣ ያው 8 መስመር በግማሽ ይቀንሳል። 8 ጊጋባይት። የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች እስከ 10ኛው ትውልድ ድረስ ያሉት ሁሉ ከዚህ አይበልጡም። እኛ አገር ብዙ ሰው ካርድ የሚጨምርበት ኮምፒውተር ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ እንደሆነ እናውቃለን፣ እና እነዚያ አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው።

ይህ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ነገር አታላይ ነው። አማካይ ፍሬሙ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ስትጫወቱ ግን በየመሃሉ ይንተፋተፋል፣ ለአፍታ ቀጥ ይልና ይቀጥላል። አንዳንዱ ጌም ደግሞ ብልጥ ነው። አይንተፋተፍም፣ ዝም ብሎ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። ፊታችሁ ያለው ግድግዳ በውሃ የታጠበ ፎቶ መስሎ ይቀራል። ስለዚህ «እኔጋ ምንም ችግር የለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግድግዳውን ጠጋ ብሎ እንዲያየው ንገሩት። ሬንደር ላይ፣ ማለትም የተሳለውን ሕንፃ ፎቶ ወደሚመስል ሥዕል ስትቀይሩ፣ ደግሞ ይባስ። ሥራው ቪራም ውስጥ ሲገባ 4060 ከ3060 ፈጥኖ ይጨርሳል፣ ይህን አልክድም። ካልገባ ግን ወይ ይጎተታል ወይ ጭራሽ ሚሞሪ አልቋል ብሎ ያቆማል። ነገ ዲዛይን ለምታስረክብ ተማሪ 20 በመቶ መፍጠን ምን ያደርግላታል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቆመ?

ታዲያ አሮጌው ካርድ እንዴት ከአዲሱ የበለጠ ሚሞሪ ተሰጠው? ቸርነት አይደለም። ሚሞሪ ቺፕ አንድ በአንድ ነው የሚገጠመው፣ እያንዳንዱ 32 ቢት ይወስዳል። 192 ለ32 ሲካፈል ስድስት ቺፕ። ቺፖቹ ባለ 1 ጊጋ ከሆኑ 6 ጊጋባይት፣ ባለ 2 ጊጋ ከሆኑ 12። በተለመደው አገጣጠም መሃል ላይ የለም። 2021 ላይ 6 ጊጋ ማውጣት የሚያሳፍር ስለነበር 12 ሆነ። 4060 ላይ ደግሞ በሩ 128 ስለሆነ አራት ቺፕ ነው የሚይዘው፣ አራት በሁለት ስምንት። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ የካርድ ሚሞሪ «ለምን እንዲህ ሆነ» ብዬ አልጠይቅም፣ ቢቱን አይቼ ለ32 አካፍላለሁ፣ አለቀ።

ለ4060 ፍርድ አጉድያለሁ እንዳትሉኝ፣ መብራት ላይ እንምጣ። እዚህ ላይ ታናሹ ታላቁን አፈር ያበላዋል። 3060 እስከ 170 ዋት ይበላል፣ 4060 ግን 115። ምስጢሩ አሠራሩ ነው። 3060 በሳምሰንግ 8 ናኖሜትር በሚባለው አሠራር የተሠራ፣ 276 ስኩዌር ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቺፕ ነው፤ 12 ቢሊዮን ገደማ ትራንዚስተር አለው። 4060 ታይዋን በቲኤስኤምሲ ፋብሪካ የተሠራ፣ ከ5 ናኖሜትሩ ቤተሰብ ነው። ስፋቱ 159 ብቻ ሆኖ 18.9 ቢሊዮን ትራንዚስተር ታጭቆበታል። ትንሽ ቦታ፣ ትንሽ መብራት፣ ትንሽ ሙቀት። 55 ዋቱን በቀን አምስት ሰዓት ብታሠሩት በዓመት 100 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ልዩነት ያመጣል።

ግን እኛ ዘንድ ዋናው ጉዳይ የቆጣሪው ሒሳብ አይመስለኝም። ዩፒኤሱ ነው። ገበያ ላይ ያለው ትንሹ 650 ቪኤ የሚለው ዩፒኤስ ትክክለኛ ዋቱ ብዙውን ጊዜ ከ400 በታች ነው፣ ያውም ባትሪው አዲስ ሲሆን። መብራት እልም ሲል ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ስክሪኑ ተደምረው ከዚያ በላይ ከጠየቁ ዩፒኤሱ ጢ ብሎ አብሮ ይጠፋል። 55 ዋት እዚህ ላይ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ በሰላም በማጥፋትና ባለማጥፋት መካከል ያለች ልዩነት ልትሆን ትችላለች። ፓወር ሰፕላዩንም አትርሱ። ለሁለቱም የሚመከረው 550 ዋት ነው፣ ያ ከቢሮ የወጣው ዴስክቶፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዚህን ግማሽ ነው ያለው፣ ለካርዱ የሚሆነው ባለ 8 ፒን ገመድም አይኖረውም። ካርዱን በስንት ጭንቀት ካስመጡ በኋላ ገመድ ፍለጋ የሚዞሩ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው ሰው የሚያነሳው ፍሬም ጀነሬሽን ነው። በአጭሩ፣ ካርዱ ሁለት እውነተኛ ፍሬሞችን ያይና መሃላቸው ላይ ራሱ ፈጥሮ አንድ ይጨምራል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይወጣል፣ እንቅስቃሴውም ለስለስ ይላል። የኤንቪዲያው ዘዴ 3060 ላይ አይሠራም፣ 4060 ላይ ይሠራል። 4060 በእጥፍ ይበልጣል የሚሉ ግራፎች የሚመጡት ከዚህ ነው። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የተፈጠረው ፍሬም የእጃችሁን ትእዛዝ አያውቅም፤ ማውሱን ስትነኩና ስክሪኑ ሲመልስ ያለው ጊዜ አያጥርም፣ እንዲያውም ትንሽ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ራሱ ቪራም ይበላል። 8 ጊጋው ሊሞላ ሲል የሚጨመር ተጨማሪ ዕቃ ነው። ተፎካካሪው ኩባንያ ኤኤምዲ ያወጣው ተመሳሳይ ዘዴ ደግሞ በሚደግፉት ጌሞች ላይ 3060ም ላይ ይሠራል። ሥዕሉን አሳንሶ ሠርቶ የሚያሳድገው ዲኤልኤስኤስ ግን ለሁለቱም አለ፤ 2025 መጀመሪያ ላይ የመጣው የተሻሻለው ሞዴልም ለሁለቱም ተሰጥቷል።

ቪዲዮ ለምታቀናብሩ አንድ ነገር ብቻ፦ 4060 ኤቪ1 በሚባለው አዲስ ዓይነት ቪዲዮ መጭመቅ ይችላል፣ 3060 ማጫወት እንጂ መጭመቅ አይችልም። ዩቲዩብ ላይ ለሚለቅና ኢንተርኔቱ ለሚያስለቅሰው ሰው ፋይሉ ማነሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤአይ ቤታችሁ ውስጥ ማሠራት የምትፈልጉ ካላችሁ ግን እዚህ ጋ ቁጭ በሉ፣ ምክንያቱም አሮጌው ካርድ ያለ ክርክር የሚያሸንፍበት ቦታ ነው። የቋንቋ ሞዴል (እንደ ቻትጂፒቲ ጥያቄ የሚመልሰው) መልስ ሲጽፍ እያንዳንዷን ቁራጭ ቃል ለማውጣት ሙሉ ሞዴሉን ከጓዳው አንዴ ማንበብ አለበት። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው ኮሩ ሳይሆን የበሩ ስፋት ነው። 5 ጊጋባይት የሚመዝን ሞዴል ጫናችሁ እንበል። 360 ለ5 ሲካፈል በሰከንድ 72 ቁራጭ ቃል። 272 ለ5 ሲካፈል 54። ከዚህ በላይ አይሄድም፣ በተግባር ደግሞ ከዚህም ያንሳል፤ ግን የትኛው እንደሚቀድም ታያላችሁ። ሞዴሉ 9 ጊጋባይት ከሆነማ 3060 ውስጥ ይገባል፣ 4060 ወደ መርካቶ ጉዞ ይጀምራል። በአማርኛ ስትጠይቁት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ፊደላችንን በቅጡ ስላልለመዱት አንዷን ቃል እየሸራረፉ ብዙ ቁራጭ ያደርጓታል፣ ስለዚህ ለአንድ ዓይነት መልስ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ትጠብቃላችሁ።

ስም የሚያሳስትበት ነገር ደግሞ አለ። 2022 መጨረሻ ላይ ባለ 8 ጊጋ 3060 ወጥቷል። ስሙ ያው 3060። ካርቶኑ ላይ 8 የምትል ቁጥር ካላያችሁ አታውቁትም። በሩ 128 ቢት ነው፣ በሰከንድ 240 ጊጋባይት። የአዲሱ ፍጥነት የለው፣ የአሮጌው ጓዳ የለው። እሱን በነፃ ካልሰጧችሁ እለፉት። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ እስካሁን ያልኩት ይገለበጣል። የላፕቶፑ 3060 ያለው 6 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ የላፕቶፑ 4060 ግን 8 አለው። እዚያ 4060ን ውሰዱ። ግን ስንት ዋት እንደተፈቀደለት ጠይቁ፤ ከ35 እስከ 115 ድረስ አለ፣ ሁለቱም በአንድ ስም ነው የሚሸጡት።

ያገለገለ 3060 ስትገዙ «ማይኒንግ ላይ የዋለ ነው» የሚል ስጋት ይነሳል። ነገሩ የራሱ አስቂኝ ታሪክ አለው። ኤንቪዲያ ካርዱን ሲያወጣ ኢቴሪየም የሚባለውን ክሪፕቶ ለሚቆፍሩ ሰዎች ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስኩ ብሎ ነበር። ወር ሳይሞላው ራሱ በስህተት ገደቡን የሚያነሳ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ለቀቀ። 2022 መስከረም ላይ ኢቴሪየም በካርድ መቆፈር እንዳያስፈልግ አሠራሩን ሲቀይር ያ ሁሉ ካርድ ሥራ ፈትቶ ገበያ ላይ ፈሰሰ። ማይኒንግ ላይ የዋለ ሁሉ የሞተ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ፋኑና የደረቀው የሙቀት ማጣበቂያ ነው፣ ሁለቱም ይቀየራሉ። ካርዱን ሰክታችሁ፣ ከበድ ያለ ነገር ላይ ግማሽ ሰዓት አሠርታችሁ፣ ፋኑን በጆሯችሁ ሰምታችሁ ነው ብር የሚከፈለው። ጂፒዩ ዜድ የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ፤ የውሸት ካርድ ሲያገኝ ያጋልጣል።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ 12 ጊጋውን 3060 አስመጣች። ዘመድየው ያገለገለ ነው የገዛላት፣ የተረፈውን ዶላር ለፓወር ሰፕላይ አዋለችው። ካርዱን የሰካች ቀን ማታ የጂፒዩ ዜድን ስክሪንሾት ላከችልኝ። 3584፣ 192 ቢት፣ 12288 ሜጋባይት። «ልክ ነው?» ትላለች። ልክ ነው አልኳት። ታናሽ ወንድሟ ግን እስከ ዛሬ «4060 ይሻል ነበር» እያለ ያኮርፋል። እሱ የሚከፍተው የእግር ኳስ ጌም ብቻ ስለሆነ፣ ለራሱ ከሆነ አልተሳሳተም።